ካፒቴኑ የፈተነኝ ሂሳብ

ጣልያን አገራችንን ሲይዝ እኔ አንድ ፈተና ቀርቶኝ ነበር። ሌላው ሰው ያን ዘመን ሲያነሣ ወንድሙን፣ በሬውን፣ ርስቱን ይቆጥራል። እኔ ከሁሉ ቀድሞ የሚታወሰኝ ይህ ፈተና ነው፤ ሰው አይመርጥም፣ የሚቆጨው ራሱ ይመርጠዋል።

ወደ ፈረንሳይ አገር ተልኬ በአንድ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት እማር ነበር። ሌላውን ትምህርት እንደምንም እየገፋሁ አልፌ በአንድ ሂሳብ ወደቅሁ። ሂሳቡ ሁለት ራስ ነበረው። አንዱ ዛሬ ልጆች ስታቲስቲክስ የሚሉት፣ ብዙ ነገር ቆጥሮ ገና ያልሆነውን የሚገምት ነው። ሁለተኛው ከዜሮ በታች ለሆነ ቁጥር ሥር የሚፈልግ፣ ሥሩ እንደሌለ እያወቀ እንዳለ አድርጎ በላዩ ቤት የሚሠራ ነው፤ ምናባዊ ቁጥር ይሉታል። መምህራችን ወረቀቴን ሲመልስልኝ በሁለቱም ራስ እኩል አለማወቄ እንዳስደነቀው ነግሮኝ፣ ከክረምት በኋላ ድገመው አለኝ። በዚያው ሰሞን አባቴ መታመሙን ሰማሁና ወደ ጎጃም መጣሁ። አባቴ ሞተ፤ ተዝካሩን አውጥቼ ልመለስ ስል ጦርነት ሆነ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ሠራ። ከፈረንሳይ ካመጣሁት ዕቃ ሸሚዞቼን ዘመድ ወሰደ፣ ጫማዬን አይጥ በላው። የሂሳብ መጽሐፌን ግን የፈለገው ስላልነበረ ከእኔ ጋር ቀረ።

የእናቴ ወንድም በዚያን ጊዜ ሸፍቶ ነበር። ከመሸፈቱ በፊት የሚታወቀው በድንበር ክርክር ነበር፤ ከሸፈተ በኋላ ፊታውራሪ ተባለ። ማን ሾመዎት ብሎ የጠየቀው የለም፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። ደፋር መሆኑን አልክድም። ቁጥር ላይ ግን ለጋስ ነበር። አንድ ጣልያን ቢወድቅ ወሬው ደብረ ኤልያስ ሲደርስ ብዙ ይሆናል፣ ቁይ ሲደርስ ሙሉ ሻለቃ ጦር ያልቃል። ጣልያኖቹም በበኩላቸው ከአጎቴ ሰዎች የገደሏቸውን ሲያወሩ፣ አጎቴ በዕድሜው ሙሉ አይቶት ከሚያውቀው ሰው የበለጠ ሕዝብ ይጨርሱበት ነበር። ሁለቱን ወገን ያመነ ሰው ጎጃም ውስጥ ነፍስ ያለው እንዳልቀረ ይረዳ ነበር። የሂሳብ መጽሐፌ ስለ መለኪያ ስሕተት አንድ ሰፊ ምዕራፍ አለው፤ ስለዚህኛው ዓይነት ግን ምንም አይልም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጣልያን ውጭ አገር የተማረ ሲያገኝ ይገድል ነበርና አጎቴ ወሰደኝና ደብረ ኤልያስ አጠገብ ካለ ቅኔ ቤት ሸሸገኝ። የቅኔ መምህሩን የኔታ ነበር የምንላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እግራቸውን ቁርጥማት የያዛቸው፣ ከመናገራቸው በፊት የሚናገሩትን በአፋቸው የሚያጣጥሙ ሰው ነበሩ። ለምድ አለበሱኝ፣ የልመና አኩፋዳ አንጠለጠሉልኝ፣ ከተማሪዎቻቸው መካከል ቀላቀሉኝ። የዳዊት ሽፋን አስገጥቼ ውስጡን የሂሳብ መጽሐፌ አደረግሁት። ከሩቅ ያየኝ ሰው ይህ ተማሪ ምንኛ ይጸልያል ሳይል አይቀርም፤ አቃስት ነበርና።

የቅኔ ተማሪ የሚበላው ለምኖ ነው። መንደር ለመንደር እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ አንዱ ቁራሽ ይሰጠዋል፣ አንዱ ውሻ ይለቅበታል። ፈረንሳይ አገር በገበታ ጨርቅ ላይ በልቼ ስመጣ፣ በየቤቱ ደጃፍ ከውሻ ጋር ስታገል የታየኝ ነገር ቢኖር ለጥናቴ ጥሩ አጋጣሚ መሆኑ ነበር። ምን ያህሉ ቤት እንደሚሰጥ፣ ምን ያህሉ እንደሚያስነክስ እያስተዋልሁ የግምት ሂሳቤን በዚያ ላይ እለማመድ ጀመር። ሳር ቤቱ በሰፋ ቁጥር ውሻው ይከፋል፣ ቁራሹ ያንሳል። ባሏ የሞተባት ሴት ከባለ ብዙ ጥማዱ የበለጠ ትሰጣለች። በዓል በሆነ ቀን ሁሉም ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ከትናንት የተረፈውን ነው። ይህን ግኝቴን አብሮኝ ለሚለምን ተማሪ በደስታ ነገርሁት። ጎልማሳ ነበር፣ ስንት ቅኔ ቤት የዞረ። ይህንን ለማወቅ ነው ባሕር የተሻገርኸው ብሎ ጠየቀኝ።

የኔታ ስለ መጽሐፌ ማወቅ ፈለጉ። እኔም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለ ምናባዊው ቁጥር ላስረዳቸው ሞከርሁ። ማናቸውም ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከዜሮ በላይ ይሆናል፤ ከዜሮ በታች የሚሆን የለም። ሊቃውንቱ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር አለ እንበል አሉ፣ አንድ ፊደል ሰጡት፣ ከዚያ በኋላ ድልድይም ኤሌክትሪክም በእሱ እየቀመሩ ይሠራሉ አልኋቸው።

የኔታ ነገሩን ጥቂት አጣጣሙት።

«ወርቅ ብቻ ነዋ፣ ሰም የሌለው» አሉ።

እኔ እንደ ገባቸው ቆጥሬ ደስ አለኝ። እንዳልገባቸው ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ለተማሪዎቻቸው በጉባኤ ላይ ፈረንጆች ደርሰውበታል ብለው ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ረጅም ነገር አስተማሩበት፤ ከዜሮ በታች ያለውን ሲኦል አደረጉት፣ ሥሩን ዲያብሎስ። ተማሪዎቹ አደነቁ። ላርም ብድግ ብል፣ ቅኔ ያልቆጠረ በጉባኤ አይናገርም ተብዬ ተቀመጥሁ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በመንደሩ የተወራው ነው። ገና ያልሆነውን የሚገምት ሂሳብ አለው ማለትን ሰው በሚገባው መንገድ ተረጎመው፤ ኮከብ ቆጣሪ ሆንሁ። በቅሎ የጠፋችበት ገበሬ መጥቶ ትገኛለች ወይ አለኝ። ትገኛለች ወይም አትገኝም፣ ከዚህ የበለጠ ለማለት ብዙ የጠፉ በቅሎዎች ማየት ያስፈልገኛል አልሁት። ሰውየው ይህን እንደ ጥልቅ ነገር ወስዶ ሄደ። በቅሎዋ በዚያው ሳምንት ከጎረቤት በረት ተገኘች፣ እኔም አንድ ገንቦ ጠላ ተላከልኝ። ጠላውን የኔታ ጠጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮ የጠፋባት ሴት እንኳ የምትጠይቀው እኔን ሆነ፤ በስንቱ እንደ ተሳሳትሁ ግን የሚያስታውስ አልተገኘም። ይህንንም መጽሐፌ በሌላ አነጋገር ያወራዋል፤ የተገጣጠመው ይቆጠራል፣ ያልተገጣጠመው ይረሳል።

ዓመታት አለፉ። ጣልያን መግደሉ እንዳላዋጣው ሲያይ ጠባዩን ለወጠ። በደብረ ኤልያስ ገበያ አዋጅ ተነገረ፤ የሸፈተ ይግባ፣ የተማረ ይምጣ፣ ምሕረትም ሥራም አለ የሚል። ሌላው ሰው አዋጁን ሰምቶ በጨው ዋጋ ክርክሩን ቀጠለ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ሰማሁ፤ የይለፍ ወረቀት ቢሰጡኝ ወደ ባሕሩ ወርጄ ፈተናዬን እደግማለሁ። አገር እየነደደ እኔ የማስበው ስለ ማርክ ነበር። ዛሬ ሳስበው ቅጥ ያጣ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን በጎጃም ውስጥ ልቡ የተረጋጋ ሰው እኔ ብቻ እንደሆንሁ ይሰማኝ ነበር።

የኔታን ላማክራቸው ሄድሁ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኋቸው።

ጅብ ምሕረት አድርጌያለሁ ቢል አህያ ነው ሄዳ የምታጣራው አሉኝ። አጎቴ ዘንድ መልእክት ስልክ ግን እሱ ተደሰተ፤ ይሂድ፣ የምሽጉን አጥር አይቶ ይምጣ ብሎ መለሰልኝ። ከሁለቱ ምክር እኔን ያሰበልኝ የየኔታ ነበር፤ የተከተልሁት ግን የአጎቴን ሆነ፣ እኔ ከፈለግሁት ጋር ይገጥም ነበርና።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ከመንገድ ሥራው አለቃ ከአንድ ካፒቴን ዘንድ አቀረቡኝ። አጭር፣ ጠጉሩ በቅባት የተለጠፈ፣ ቦት ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። በአገሩ የታወቀ መሐንዲስ ነኝ አለ። በጎጃም የሠራው አንድ ድልድይ ነበረ፤ ወንዙ በመጀመሪያው ክረምት ወስዶታል፣ እሱ ግን ሽፍቶች አፈረሱት ብሎ ለአለቆቹ አስታውቋል። እኔ በፈረንሳይኛ ሰላምታ ሳቀርብለት ፊቱን አጨማደደ። ቋንቋው ጠፍቶት እንደሆነ አላውቅም፣ በዚህ ግቢ የፈረንሳይ ቋንቋ አይነገርም አለ፤ አስተርጓሚ አስጠራ።

አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነበር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ጣልያንኛውን የለመደው ቀደም ሲል አዲስ አበባ ከአንድ ጣልያን ግንበኛ ዘንድ ሲሚንቶ እያቦካ ነው። ስለዚህም ድንጋይ፣ ኖራ፣ መሰላልና ስድብ አንደኛ ይተረጉማል። ከዚህ ውጭ የሆነ ነገር ሲመጣበት በልቡ ደስ ያለውን ይናገራል። ለብሶት የነበረው ካፖርት ከእሱ በፊት የሁለት ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ አቋሙ ግን የባለሥልጣን ነበር።

የመጣሁበትን ነገርሁ። ካፒቴኑ ሳቀ። በፈረንጅ አገር እንዲህ ካለ ሂሳብ የደረሰ ሐበሻ መኖሩን እንደማያምን፣ እውነት ከሆነ ግን ራሱ ፈትኖኝ ካለፍሁ ወረቀቱን እንደሚሰጠኝ አስታወቀ። ቡሄ ሲያልፍ ና፣ ስታቲስቲክስና ምናባዊ ቁጥር ተዘጋጅተህ ና አለኝ። ምናልባት እንዳልመለስ አስቦ ይሆናል። የፈተና ቀን ለተቀጠረለት ተማሪ ግን ይህ ከማንም ምሕረት ይበልጣል፤ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ አጥንቼ አላውቅም። ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስላል። የቅኔ ተማሪዎች በየጎጇቸው ሲያንጎራጉሩ እኔ በመካከላቸው በክብ መስመር ዙሪያ የሚዞረውን ቀመር አንጎራጉር ነበር። ለወረቀት የሚሆን ስላልነበረ በአመድ ላይ በስንጥር እጽፋለሁ፤ ጣራው ሲያፈስ ግማሹን ይሰርዘዋል፣ እኔም የተሰረዘውን እንደገና አወጣለሁ። ስወድቅ ያልገባኝ ነገር በዚያ ጎጆ ገባኝ። ከቁራሽ ሌላ የሚያሳስብ ነገር ስለሌለ ይሆናል። የኔታ አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ አሁንም ያን ዲያብሎስ እያሳደድህ ነው ወይ ይሉኝ ነበር፤ ሲወጡ ግን ያላየኋቸው መስሏቸው ይባርኩኛል።

ቡሄ አለፈና ሄድሁ። ካፒቴኑ በድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ አስቀምጦ ቆየኝ። ከፊቱ አንድ የሂሳብ መጽሐፍ ነበር፤ ገጾቹ ተጣብቀው በቢላዋ እየከፈተ ነበር የሚያነባቸው። አስተርጓሚው በመካከላችን ቆመ።

ካፒቴኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከመጽሐፉ አነበበ። አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ከምንም በታች የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ሥሩ ምንድነው ነው የሚሉህ። ስለ ዛፍ ይመስለኛል» አለኝ።

ዛፍ እንዳልሆነ ነገርሁት። ምናባዊ ነው፣ በልብ የታሰበ እንጂ በእጅ የሚቆጠር አይደለም ብለህ ንገርልኝ አልሁት። ምን ብሎ እንደ ነገረው እንጃ፣ ካፒቴኑ ቀላ፣ ጠረጴዛውን መታ። አስተርጓሚው፣ ውሸት ነው ይላል ብያቸዋለሁ፣ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም ብሎ አንሾካሾከልኝ። ብዕሩን ተቀብዬ በወረቀት ላይ ያቺን የምናብ ቁጥር ምልክት፣ አንዲቷን ፊደል ጻፍሁለት። ካፒቴኑ ፊደሏን ሲያይ በባዕድ አገር ዘመዱን ያገኘ ሰው መሰለ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ከዚያ ሁሉ ሂሳብ በልቡ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ቀጥሎ ረጅሙን ጥያቄ ሰጠኝ፤ እኔም ደረጃ በደረጃ ሠራሁት። ካፒቴኑ በጣቱ እየተከተለ ራሱን ይነቀንቃል። መካከል ላይ ምልክት ተሳስቼ ጻፍሁ፤ ነቀነቀ። ስሕተቴን አይቼ አረምሁት፤ አሁንም ነቀነቀ። ጨረስሁ። መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ፈልጎ አስተያየና ተስማሚ ሆኖ ሲያገኘው ቅር ያለው መሰለኝ።

«አሁን ስታቲስቲክስ» አለ። ይህን ቃል ያለ አስተርጓሚም ሰማሁት። መጽሐፉን ዘጋና ካርታ ዘረጋ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በደብረ ኤልያስ ግድም ትንሽ ምሽግ ነበረቻቸው፤ ስንቅና ዕቃ በካሚዮን ነው የሚላክላት። ወደዚያ የሚያደርሱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በተራራው ጫፍ፣ አንዱ በወንዙ ዳር። ካፒቴኑ በተራራው መንገድ የተጠቁትን ካሚዮኖች ሁሉ በካርታው ላይ በቀይ ምልክት አድርጎባቸዋል። ከዚህ ተነሥተህ የሚቀጥለው ጥቃት የት እንደሚሆን ንገረኝ አለ። ያን በቅሎ የጠፋችበትን ገበሬ አስታወሰኝ። ልዩነቱ፣ ገበሬው ጠላ ነበር ያመጣው፤ ይኸኛው በወገቡ ሽጉጥ አለ።

ይህ ፈተና ሳይሆን ምርመራ ነው ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አጎቴን አሳልፌ እንዳልሰጥ መጠንቀቅም ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ስለ አጎቴ የማውቀው ስላልነበረ አሳልፌ የምሰጠውም የለም፤ ከካሚዮኖቹ አንዱን የት ጠብቆ እንደሚመታ እሱ ራሱ ሲነጋ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ እንደ ተማሪ መለስሁ። እንዲህ ካለ ቁጥር የሚቀጥለውን መናገር አይቻልም አልሁ። አስተርጓሚው ነገረው። ካፒቴኑ፣ የማይቻል ከሆነ ወረቀቱም አይቻልም ብሎ ካርታውን ማጠፍ ጀመረ። የወረቀቱ ነገር ሲመጣ አፌ ቸኮለ። እሺ፣ ቁጥሩ የሚለውን ልንገርዎ አልሁ።

«በወንዙ መንገድ አንድም ካሚዮን ተጠቅቶ አያውቅም» አልሁ። «ይህ ግን ደህና ስለሆነ አይደለም፣ የሄደበት ስለሌለ ነው። በነሐሴ በዚያ በኩል እንኳን ካሚዮን አህያም አያልፍ፤ ጭቃው ይውጣል። ያልተሞከረ ነገር ደህና ነው አይባልም።»

አስተርጓሚው የመጀመሪያዋን አረፍተ ነገር ተረጎመ። ካፒቴኑ ካርታውን መልሶ ዘረጋው፤ የወንዙ መንገድ ላይ አንድም ቀይ አልነበረም። ፊቱ ሁሉ ፈገግታ ሆነ። በዚያው ቅጽበት የምሳ መለከት ተነፋ።

የቀረውን ንገርልኝ እንጂ አልሁ አስተርጓሚውን።

«ገብቷቸዋል» አለኝ። «ጌታ ሲስቅ አይቋረጥም።»

ካፒቴኑ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ለምሳ ወጣ። ውጤቱ እስኪነገረኝ ከምሽጉ አጠገብ ካለ የበቅሎ ጋጥ ጥግ እንዳድር ተፈቀደልኝ። እዚያ ተቀምጬ ስብሰለሰል የነበረው፣ ካሚዮን ይሄዳል፣ ሰው ይሞታል ብዬ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ መልሴ ሳይተረጎም ስለ ቀረ ማርክ ይቀንስብኝ ይሆን እያልሁ ነበር።

ካሚዮኖቹ በማግስቱ በወንዙ መንገድ ሄዱ። ወሬው የደረሰው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን፣ ጭቃ ለብሶ በእግሩ በመጣ አንድ ባንዳ ነው። አስተርጓሚው ካፖርቱን ሳይቆልፍ ወደ ጋጡ ገባና ከፊቴ ቆመ።

«ያን ቀን ያልኸው ሁለተኛው ነገር ምን ነበር?» አለኝ።

«አህያም አያልፍበትም ነበር ያልሁት» አልሁት።

ከገለባው ላይ ቁጭ አለ። ካፒቴኑ ከሁለት አንዳችንን እንደሚሰቅል፣ ነገሩን ካጣራ ደግሞ ሁለታችንንም እንደሚሰቅል በጸጥታ አስረዳኝ። ይህ ሰው ስታቲስቲክስ ሳይማር የደረሰበት መደምደሚያ ትክክል ነበር። የካፒቴኑን በቅሎ ለማናፈስ ነው ብሎ ለዘበኛው ነግሮ አወጣት። ዝናቡ እያካፋ፣ ጉሙ መሬት ወርዶ፣ እሱ በኮርቻው እኔ በስተኋላ ሆነን ከደብረ ማርቆስ ወጣን። መንገድ ላይ ካፖርቱን ጥሎ ነጠላ ለበሰ። ወንዙን ስንሻገር ስለ ጣልያን ግፍ ይነግረኝ ጀመር፤ አጎቴ ሰፈር ስንደርስ ለሦስት ዓመት በውስጥ ሆኖ የታገለ አርበኛ ሆኖ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። አጎቴና ሰዎቹ ከወንዙ ዳር የነበሩት ሊያደቡ አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ መሻገር አቅቷቸው፣ ስንቅ አልቆባቸው፣ ከዛፍ ሥር ተኮራምተው ተቀምጠው ነበር። ካሚዮኖቹ መጥተው ከፊታቸው እስከ ሆዳቸው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጡ አጎቴ መጀመሪያ ወጥመድ መስሎት ሊሸሽ ነበር። ከዚያ አጃቢዎቹ ለመግፋት ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ሲወርዱ አየ። የቀረውን ለመሥራት ፊታውራሪነት አያስፈልግም ነበር። ጥቂት ተኩስ፣ ብዙ ጩኸት፣ አጃቢዎቹ ሽሽት። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ሞተ፤ ጸጥተኛ ገበሬ ነበር፣ ከዚያ በኋላ በተወራው ወሬ ሁሉ ስሙን ያነሣ አልሰማሁም።

ካሚዮኖቹ ውስጥ ጥቂት ጠመንጃ ተገኘ፤ የቀረው ሲሚንቶ ነበር፣ ለምሽጉ የሚሆን። ይህን ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ የፈረንጅ ዱቄት ነው ብለው በአህያ አጓጉዘውታል። ዳቦ የምትጋግርላቸው ሴት በገንዳ አቡክታ አሳድራዋለች። ስደርስ ሠራዊቱ በገንዳው ዙሪያ ቆሞ ሊጡን በመጥረቢያ ይፈነክታል። ሲሚንቶ እንደሆነ፣ ቤት እንደሚሠሩበት ብናገር ሰሚ አጣሁ። አጎቴ ጣልያን በዘዴ ሊፈጀን የላከው መርዝ ነው ብሎ አስታወቀ፤ በዚህ ላይ ቀማሽ ሆኖ ከንፈሩ የተላጠውን አንዱን ጀግና ብሎ ሸለመው።

አጎቴ ሲያየኝ በሰው ፊት አቅፎ ሳመኝ። ካፒቴኑን በሂሳብ አታልሎ ካሚዮኖቹን ወደ እጃችን የነዳልን የእኅቴ ልጅ ነው አለ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ በባንዳዎቹ በኩል ደርሶት ነበር። አይደለም፣ እኔ እንዲያውም እንዳይሄዱ ነበር የተናገርሁት ብል ሳቁ። አጎቴ ክንዴን ይዞ ከሰው ለየኝ።

«አንተ የምታውቀውን ለራስህ ያዝ፤ እኛ የምናምነውን ለእኛ ተውልን» አለኝ። «ሰው ሦስት ዓመት ተርቦ ነው ይህችን ያገኛት።»

ከዚያ ወዲያ አልተከራከርሁም። ጣልያን እስኪወጣ ከአጎቴ ሠራዊት ጋር ሆንሁ፤ ከውጊያ በፊት እየጠሩ ሂሳቡ ምን ይላል ይሉኛል። ዛሬ ባይሆን ነገ ይሆናል ማለትን ተማርሁ። ድል ሲሆን ብሎን ነበር ይላሉ፣ ሽንፈት ሲሆንም ብሎን ነበር ይላሉ። የኔታ ይህን ሰምተው፣ እንግዲህ ቅኔ ቆጥሯልና በጉባኤ ይናገር ብለው ላኩብኝ።

ነጻነት ሲመጣ አጎቴ የፊታውራሪነቱን ማዕረግ በአዋጅ አጸና። አስተርጓሚው ደግሞ በሚመለከተው ሹም ፊት ቀርቦ፣ የመልሱን ግማሽ ሆን ብሎ ሳይተረጉም በማስቀረት ካሚዮኖቹን እንዳስማረከ አስረዳ። እኔ ምስክር ሆኜ ተጠራሁ። አልተረጎመም ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አልተረጎመም አልሁ፣ እውነት ነውና። ሆን ብሎ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቀኛዝማች ተባለ፣ የጠቅላይ ግዛቱ የመንገድ ሥራም ተሰጠው፤ ሲሚንቶ የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ ነበርና ሹመቱ ጨርሶ ያለ ቦታው ነው አይባልም። እኔ በሥሩ እንድቀጠር ባመለክት፣ በአዘኔታ ተመልክቶኝ፣ ትምህርትህን ሳትጨርስ እንዴት አድርጌ አለኝ።

የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመለስሁ። መምህሩ ሞቶ ሌላ ተተክቷል። በፈተናው አዳራሽ በግራና በቀኜ የተቀመጡት ልጆች ልቆጣ የመጣሁ አባታቸው መስያቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉልኝ። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ፤ ክብ መስመር፣ ሥር፣ ከከረጢት ስለሚወጡ ቀይና ነጭ ኳሶች። ካርታ የዘረጋ የለም። የማለፊያ ነጥቡን አገኘሁ፤ ከዚያ ፈቀቅ ያላለ ነጥብ። አዲሱ መምህር መዝገቡን አይቶ ለመድገም ለምን ይህን ያህል እንደ ዘገየሁ ጠየቀኝ። ላስረዳው ጀመርሁና በመካከሉ ሰዓቱን ሲያይ አየሁት፤ ታምሜ ነበር አልሁት።

ከአዳራሹ ስወጣ ይዘንባል። ከአንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ተጠልዬ ቆምሁ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ ለራሴ ነገርሁት፤ ደስታው ግን እንደ ዘገየ እንግዳ አልመጣልኝም፣ እኔም ዝናቡ ሲያባራ ልጠብቀው ሳልሞክር ወደ ማደሪያዬ ሄድሁ።